የመልስ መንገድ

አማርኛችን ለደም ሥሮች ሁለት ስም አለው፤ ደም ቅዳ እና ደም መልስ። ከልብ ቀድቶ ወደ ሰውነት የሚወስደው ደም ቅዳ፣ ከሰውነት ተቀብሎ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ ነው። እነዚህን ቃላት በሥነ ሕይወት ትምህርት ያጠና ሰው ሁሉ ስሞቹ ማንም ሊከራከርባቸው የማይችል፣ እንደ እጅና እግር ስም ያሉ ይመስሉታል። ነገር ግን «መልስ» የሚለው ቃል በውስጡ ታላቅ ፍርድ ይዟል። ደም ከጣት ጫፍ ተመልሶ ይመጣል ማለት ከአራት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ የሕክምና ጉባኤዎች ፊት ድፍረት ነበር። ቃሉን በቀላሉ እንድንናገረው ብዙ ሰዎች ብዙ ደክመዋል።

ይህ ጽሑፍ የዚያን መመለስ ታሪክ በክንዳችንና በእግራችን በኩል ይከተላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መንገዱ ከጣሊያን ተነሥቶ በእንግሊዝና በስዊድን በኩል ያልፍና በመጨረሻ የእኛን ደጋ ቀይ አፈር ይረግጣል።

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የጴርጋሞን ሰው ጋሌን ያስተማረው ትምህርት ከ1,300 ዓመት በላይ ሳይናወጥ ቆይቷል። በእርሱ አስተሳሰብ የምንበላው ምግብ በጉበት ውስጥ ደም ይሆናል። ደሙም ዛሬ ደም መልስ በምንላቸው ሥሮች በኩል ከጉበት ወጥቶ ወደ እጅና ወደ እግር ይወርዳል። በመስኖ የተለቀቀ ውኃ እርሻውን አጠጥቶ በዚያው እንደሚቀር፣ ደሙም ሥጋውን መግቦ በዚያው ያልቃል። የሚመለስ ነገር የለም፤ ጉበትም በየቀኑ አዲስ ደም ይሠራል። በዚያ ዘመን አማርኛ የሚያውቅ የጋሌን ደቀ መዝሙር ቢገኝ ኖሮ፣ የሥሮቹን ስም «ደም ስጥ» ይለው ነበር እንጂ ደም መልስ አይለውም።

በዚህ ትምህርት ላይ የመጀመሪያዋ ስንጥቅ የታየችው በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአካል ጥናት መምህሩ ጂሮላሞ ፋብሪቺ የሰው አስከሬን ሲመረምር፣ እ.ኤ.አ. በ1574 በእጅና በእግር ደም መልሶች ውስጥ ስስ ሽፋኖችን ተመለከተ። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እንደ ትንሽ ኪስ ከሥሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው፣ በየተወሰነው ርቀት ይገኛሉ። ስለ እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የሰጣቸው የላቲን ስም «ትንንሽ በሮች» የሚል ትርጉም አለው። ስሙ ያማረ፣ ሥዕሎቹም ትክክለኛ ነበሩ። ትርጓሜው ግን የጋሌን ነበር። ደም ወደ ታች ይወርዳል ብሎ ስለሚያምን፣ በሮቹ የተሠሩት ደሙ እንደ ጎርፍ ወርዶ እግርና እጅን እንዳያሳብጥ ፍጥነቱን ለመቀነስ ነው አለ። በሮቹ ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ልብ አቅጣጫ የሚከፈቱ መሆናቸውን በገዛ እጁ ሥሎ እያሳየ፣ ደሙ በተዘጋ በር በኩል ወደ ታች ይሄዳል ብሎ ጻፈ። ዐይን ያየውን ልብ ካልተቀበለው እንዲህ ነው።

ከፋብሪቺ ተማሪዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1602 በፓዱዋ የተመረቀው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሮበርት ቦይል ስለ ደም ዝውውር እንዲያስብ ያነሣሣው ነገር ምን እንደነበር ሲጠይቀው፣ ሃርቪ የጠቀሰው እነዚህኑ በሮች እንደነበር ቦይል ጽፏል። በር ካለ የሚያሳልፈውና የሚከለክለው አለ።

ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 በፍራንክፈርት ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ሁለት ታላላቅ ማስረጃዎችን ይዟል። አንደኛው ሒሳብ ነው። ሥራዬ ገቢና ወጪ ማመሳከር ስለሆነ፣ ይህን ክፍል ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። ልብ በአንድ ምት ግማሽ ወቄት ደም ብቻ ታወጣለች እንበል ይላል ሃርቪ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ቢያንስ አንድ ሺህ ጊዜ ትመታለች። እንግዲያው በግማሽ ሰዓት 500 ወቄት ደም ወጥቷል ማለት ነው። ይህ በመላው አካል ውስጥ ካለው ደም ሁሉ ይበልጣል። ይህን ያህል ደም ከየትኛው ምግብ፣ በየትኛው ጉበት ይሠራል? ወጪው ከገቢው እንዲህ ከበለጠ፣ ያው ገንዘብ ደጋግሞ እየተመለሰ ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለም። ሃርቪ የተጠቀመባቸው ቁጥሮች ከዛሬው ልኬት በጣም ያነሱ ነበሩ። ሆኖም አሳንሶ ገምቶም ሒሳቡ ለተቃዋሚዎቹ አልዘጋላቸውም።

ሁለተኛው ማስረጃ ክንድ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን በራስህ ክንድ ላይ ልትሞክረው ትችላለህ። ከክርን በላይ ለአጭር ጊዜ ላላ ባለ መቀነት ሲታሰር ከማሰሪያው በታች ያሉት ደም መልሶች ያብጣሉ፤ በየቦታውም እንደ እንጨት አንጓ ያሉ ጉብታዎች ይታያሉ። ጉብታዎቹ የፋብሪቺ በሮች ያሉባቸው ስፍራዎች ናቸው። በአንድ ጣት ከበሩ በታች ሥሩን ተጭነህ ይዘህ፣ በሌላ ጣት ደሙን ወደ ላይ እየገፋህ ከበሩ አሳልፈው። በጣትህና በበሩ መካከል ያለው ሥር ባዶ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ያለውን ደም ወደ ታች ብትገፋው በሩን አያልፍም። የተጫነውን ጣት ስታነሣ ግን ባዶው ሥር ወዲያው ከታች ይሞላል። ሃርቪ ይህን ለማሳየት በመጽሐፉ ያስገባው ሥዕል ከመምህሩ ከፋብሪቺ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። በዚያው ሥዕል ላይ የመምህሩን ሐሳብ በአክብሮት ሻረው።

በእርግጥ አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርባቸውን ቀጫጭን ሥሮች አላያቸውም። እነርሱን እ.ኤ.አ. በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በአጉሊ መነጽር ያየው ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ነው። ሃርቪ ከአራት ዓመት በፊት ዐርፎ ነበር።

የመልሱ መንገድ በእግር ላይ ሲሆን ከክንድ ይልቅ ይከብዳል። የቆመ ሰው የእግሩ ደም ከመሬት ተነሥቶ ወደ ልብ የሚወጣው ዳገት ነው። በእግር ውስጥ ሁለት ዓይነት ደም መልሶች አሉ። ጥልቆቹ በጡንቻዎች መካከል ከደም ቅዳዎች ጋር ተጎዳኝተው ይሄዳሉ፤ ላይኞቹ ከቆዳ በታች ይታያሉ። ከላይኞቹ ትልቁ ሳፊነስ ይባላል። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ተነሥቶ በቅልጥምና በጭን ውስጠኛ ጎን እየወጣ ብሽሽት ላይ ወደ ጥልቁ ይገባል፤ በሰውነት ውስጥ ካሉ ደም መልሶች ሁሉ ረጅሙም እርሱ ነው። ትንሹ ሳፊነስ ደግሞ ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ተነሥቶ በባት መካከል ይወጣና ከጉልበት በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ይጠልቃል። በየመካከሉ ላይኛውን ከጥልቁ የሚያገናኙ አጫጭር ሥሮች አሉ፤ በሮቻቸውም ደሙን ከላይ ወደ ውስጥ እንጂ ከውስጥ ወደ ላይ አያሳልፉም።

ይህን ዳገት የሚያስወጣው ማን ነው? ልብ ብቻዋን አይደለችም፤ ባት ናት። ሰው ሲራመድ የባቱ ጡንቻ ተኮማትሮ ጥልቆቹን ሥሮች ይጨምቃል፤ በሮቹ ወደ ታች ስለማያሳልፉ ደሙ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ሳይንቀሳቀስ በቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው የደም መልስ ግፊት 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ሲሆን፣ መራመድ ሲጀምር ወደ 30 አካባቢ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ መምህራን፣ ጥበቃዎችና ጸጉር አስተካካዮች ማታ እግራቸው የሚከብዳቸው በዚህ ምክንያት ነው። በሮቹ ሲላሉም ሥሩ ይጠማዘዛል፤ ያብጣል።

የእነዚያ ትንንሽ በሮች ሕግ ዛሬም አልተሻረም። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ክሊቭላንድ የአርጀንቲናው ተወላጅ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ ከሕመምተኛ እግር የሳፊነስን ቁራጭ አውጥቶ ለተዘጋው የልብ ደም ቅዳ ማለፊያ መንገድ አደረገው። ሐኪሞች ይህን ሲያደርጉ የሥሩን ቁራጭ ገልብጠው ይሰፉታል። እንደነበረ ቢሰፉት የፋብሪቺ በሮች የደሙን መንገድ ይዘጉታልና።

እስከዚህ ድረስ የደም ሒሳብ የተዘጋ ይመስላል፤ አልተዘጋም። በቀጫጭኖቹ ሥሮች ግድግዳ በኩል ከደሙ ላይ ውኃና ጥቂት ፕሮቲን ሳያቋርጥ ወደ ሥጋው ይንጠባጠባል። ይህ ውኃ የሚመለስበት ሌላ መንገድ አለ፤ መንገዱም ቀለም ስለሌለው ለዘመናት ተሰውሮ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1622 ጋስፓሬ አዜሊ የተባለ ሐኪም በጣሊያን አገር ከነሕይወቱ የተከፈተ ውሻ ይመረምር ነበር። ውሻው ጠግቦ በልቶ ስለነበር በአንጀቱ ዙሪያ ነጫጭ ክሮች ታዩት። መጀመሪያ ነርቭ መሰሉት፤ አንዱን ሲወጋው ግን እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ ወጣ። በአንጀት የተመጠጠው ስብ ነበር ያነጣቸው። መጽሐፉ በ1627 እርሱ ከሞተ በኋላ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1651 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ፔኬ ይህ ፈሳሽ ወደ ጉበት እንደማይሄድ አስታወቀ። ፈሳሹ በሆድ ኋላ በሚገኝ ከረጢት ተጠራቅሞ፣ በጀርባ አጥንት ፊት ለፊት በሚወጣ ቀጭን ቱቦ አልፎ፣ ከአንገት ግርጌ ባለው ደም መልስ ውስጥ ይፈስሳል።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት የመላው ሰውነትን መንገድ የሚመለከት ነው። በስዊድን የኡፕሳላው ተማሪ ኦላውስ ሩድቤክ እ.ኤ.አ. በ1652 የጸደይ ወራት፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ጥርት ያለ ውኃ የሚሸከሙ ሌሎች ቱቦዎችን ለንግሥት ክሪስቲና አሳየ። በኮፐንሃገን ቶማስ ባርቶሊን ተመሳሳይ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1653 አሳተመ፤ ንጹሕ ውኃን ከሚያመለክተው የላቲን ቃል «ሊምፍ» የሚለውን ስም ያወጣላቸውም እርሱ ነው። ቀዳሚው ማን እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች አጥብቀው ተከራክረዋል። ባርቶሊን ግን አንድ ቀልድ ጨመረበት፤ ደም የመሥራት ሥልጣኑን ለተነጠቀው ለጉበት የመቃብር ጽሑፍ ጻፈለት። የጋሌን መንግሥት እንዲህ ተቀበረ።

የሚያሳዝነው ሃርቪ ነው። ስለ ደም መመለስ ዓለምን ያስተማረው ሰው፣ በሽምግልናው ዘመን እነዚህን አዲስ መንገዶች ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነም። የትናንቱ ተሟጋች ለዛሬው ግኝት በሩን ዘጋ።

በእጅና በእግር ያሉትን የሊምፍ መንገዶች በካርታ ያሰፈረው የጣሊያኑ ፓኦሎ ማስካኚ ነው። በአስከሬን ቆዳ ሥር ያሉትን ክር መሰል ቱቦዎች በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሜርኩሪ እየሞላ፣ ብር መስለው ሲያበሩ ሣላቸው። ታላቁ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1787 ታተመ።

በዚያ ካርታ መሠረት ከእግር ጣቶችና ከእግር ጀርባ የተነሡት ላይኛ የሊምፍ ቱቦዎች ትልቁን ሳፊነስ ተከትለው ብሽሽት ይደርሳሉ። በተረከዝ ውጭና በባት ኋላ ያሉት ትንሹን ሳፊነስ ተከትለው ከጉልበት በስተኋላ ያሉትን ዕጢዎች ይጎበኛሉ። የእጅ ቱቦዎች ወደ ብብት ይሄዳሉ። በየመንገዱ ያሉት ዕጢዎች እንደ ኬላ ናቸው፤ ከውኃው ጋር የመጣውን ባዕድ ነገር ይዘው ይመረምራሉ። ይህን ኬላ ሕዝባችን ከሐኪሞቹ ሳይማር ያውቀዋል። እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ብሽሽቱ ላይ ጠጣር እብጠት ሲወጣበት እናቶች «ንፍፊት ነው» ይላሉ፤ ቁስሉንም ጣቱ ላይ ይፈልጋሉ። ይህ የማስካኚን ካርታ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የሁለቱም እግሮች ሊምፍ፣ የቀኙ ጭምር፣ በፔኬ ቱቦ አልፎ በግራ አንገት ግርጌ ወደ ደም ይገባል። የቀኝ ክንድ ብቻ በቀኝ በኩል የራሱ አጭር መንገድ አለው። የሊምፍ ቱቦዎችም እንደ ደም መልስ በሮች አሏቸው፤ በበሮቹ መካከል ያለው ክፍል በራሱ ጊዜ እየተኮማተረ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋል። የሚገፋ ልብ ባይኖራቸውም ብዙ ትንንሽ ልቦች ሆነው ይሠራሉ።

ይህ መንገድ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ ተጨማሪ መንገድ ይቆጠር ነበር። እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1896 ካቀረበው ሐሳብ በመነሣት፣ የመማሪያ መጻሕፍት ከደም የወጣው ውኃ አብዛኛው ወዲያው ወደ ደም መልስ እንደሚመለስና ለሊምፍ የሚተርፈው ጥቂት እንደሆነ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌቪክና ሚሼል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስበው ባሳተሙት ጽሑፍ ግን፣ በአብዛኞቹ የሰውነት ክፍሎች የወጣው ውኃ በዋናነት የሚመለሰው በሊምፍ በኩል መሆኑን አስረዱ። መንገዱ ዋና መንገድ ኖሯል። ሲዘጋ የሚሆነውን በጡት ካንሰር ሕክምና የብብታቸው ዕጢዎች የወጡላቸው አንዳንድ ሴቶች በክንዳቸው እብጠት ያውቁታል። በእኛ አገር ደግሞ እግር ያውቀዋል።

በደጋው አገራችን «ዝሆኔ» የሚባለው የእግር እብጠት ለብዙ ዘመን እንደ እርግማን ሲታይ ኖሯል። በቆላማ ስፍራዎች በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ዝሆኔ አለ። ትንኟ በማትደርስበት ከፍታ ላይ ግን፣ በወላይታም በጎጃምም፣ ገበሬዎች እግራቸው ያብጥ ነበር። እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠራ ይህን ጥያቄ ያዘ። በሽታው ያለባቸው አካባቢዎች ዝናብ የሚበዛባቸው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ ሸክላ አፈር ያለባቸው፣ ሰውም ባዶ እግሩን የሚያርስባቸው ደጋዎች መሆናቸውን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት በወጡ የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ እንደ ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያሉ የአፈር ንጥረ ነገሮች መገኘታቸውን አሳየ። አፈሩ ከተረከዝ ገብቶ፣ በማስካኚ መንገድ ተጉዞ፣ ንፍፊት የሚወጣበት ኬላ ደርሶ ነበር።

እጅግ ደቃቅ የሆነው የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቱቦዎቹን ያስቆጣል፤ በዓመታት ውስጥ ቱቦዎቹ ይጠብባሉ፣ ይደፈናሉም። የሚመለሰው ውኃ እግር ላይ ይቀራል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ ጀርም ይገባበታል። ፕራይስ ከግሪክ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት አጣምሮ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። አንድ አፈር የረገጡ ሁሉ ግን አይታመሙም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባሳተመው ጥናት አመልክቷል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው እንጂ በሽታው አይደለም፤ ተጋላጩም ቢሆን እግሩ አፈር ካልነካው አይታመምም። በሽታው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሆኖም ሰዎች ጋብቻ ተከልክለዋል፣ ከማኅበርና ከድግስ ተገልለዋል፣ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። በ2015 በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ እንደነበር በጥናት ተገምቷል።

መፍትሔው ከታሪኩ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። ለታመመው ደግሞ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግና ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ እንዲህ ያለው ቀላል እንክብካቤ በሽታው ድንገት እየተነሣ የሚያስተኛበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እግርን ከፍ ማድረግ ዳገቱን ሜዳ ያደርግለታል፤ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ባትን እንደ ልብ ያሠራታል። የሃርቪና የፋብሪቺ ትምህርት አንድ በርጩማና አንድ ሳፋ ውኃ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ለደም መልስ ቋንቋችን ስም ሰጥቶታል። ለሊምፍ ግን እስካሁን የባዕዱን ቃል እንዋሳለን፤ የራሳችን የሆነው ሲያመን የምንጠራው ንፍፊት ብቻ ነው። ለቃላት የሚጨነቁ ወገኖች አንድ ቀን ስም ያወጡለት ይሆናል፤ «ውኃ መልስ» ቢሉት አልቃወምም። እስከዚያው ግን በገበያ ቀን እግሩን በጨርቅ ሸፍኖ ከሰው ርቆ የሚቀመጠውን ሰው ስናይ፣ የተረገመ ቤት ልጅ ነው ከማለታችን በፊት እናስብ። የእርሱ እግር መመለሻ መንገዱ በአፈር የተደፈነበት እግር ነው። እኛንም ከእርሱ የለየን ምናልባት በልጅነታችን የተገዛልን አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ይሆናል።